የዓመቱን ልቦለዶች መደርደሪያ ላይ ማውጣት፦ ከደሴ የሥራ ማስታወሻ

ሐምሌ 22

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ከመስከረም ወዲህ ካነበብኳቸው ልቦለዶች የወደድኳቸውን መምረጥ፣ የተጎዱትን መጠገን፣ ለእያንዳንዱ አንድ ካርድ መጻፍ። ከዚያ ፒያሳ ከምሠራበት ኮፒ ቤት አጠገብ ባለችው የጀበና ቡና ቤት ግድግዳ ላይ መደርደር። የፈለገ እዚያው ያነባል፤ የፈለገ ደብተር ላይ ፈርሞ ይወስዳል። ኪራይ የለም፣ ማስያዣም የለም።

ባለ ቡናዋን አስፈቅጃለሁ። "ልጄ፣ እኔ ምን ቸገረኝ! ብቻ መጽሐፍህ ላይ ቡና ቢደፋ እኔን እንዳትጠይቀኝ" አሉኝ። ውላችን ይኸው ነው።

ደሴን ክረምት ከያዛት አይለቃትም። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይውላል። ዝናቡ እስኪያባራ ብሎ የገባ ሰው ከአቦል እስከ በረካ ይቀመጣል። ያን ሁሉ ሰዓት ስልኩን ከሚነካካ አንድ ምዕራፍ ቢያነብ ምን ይለዋል ብዬ ነው የጀመርኩት።

ሐምሌ 26

ካርዱ ላይ ምን ይጻፍ? "ድንቅ ልቦለድ"፣ "ከእጅ የማይወጣ"፣ "ሁሉም ሊያነበው የሚገባ" የሚሉትን ከወዲሁ ከልክያለሁ። እንዲህ ተብሎ የተሰጠውን መጽሐፍ ገና ሳይጋመስ ያልተወ ሰው የለም። የተወውም አይናገርም። ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። "እኔ ንባብ አይሆንልኝም" ብሎ ደግሞ ሌላ መጽሐፍ አይነካም።

ስለዚህ ካርዱ ሦስት መስመር ይኖረዋል። ለማን እንደሚሆን፣ የት ላይ እንደሚያደክም፣ እሱን ያለፈ ሰው ምን እንደሚያገኝ። ዋናው መሃለኛው ነው። መጽሐፍ የት ላይ እንደሚያደክም ያልነገረህ ሰው ወይ አላነበበውም፣ ወይ ሊሸጥልህ ነው።

አንደኛ፣ ሁለተኛ እያልኩ ደረጃ አልሰጥም። ልቦለድ ሩጫ አይደለም።

ነሐሴ 1

መጽሐፎቹን አልጋ ላይ ዘርግቼ ለየኋቸው። የስለላ ልቦለዶቹ ቶሎ ወደቁ። ስታነባቸው ያጣድፉሃል፤ ከሳምንት በኋላ ማን ማንን እንደገደለ አታስታውስም። ልቦለድ መስለው ምክር የሚሰጡትም ቀሩ። ገጸ ባሕሪው አፉን በከፈተ ቁጥር ስብከት ከሆነ ስብከቱን ከሰባኪ መስማት ይሻላል።

አጭር፣ ረጅም፣ አሮጌ፣ አዲስ አልኩና ከየዓይነቱ አስቀረሁ። በድጋሚ ያነበብኳቸውም አሉበት። ሕጉ "በዚህ ዓመት የተነበበ" ነው እንጂ "ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበ" አይልም።

ነሐሴ 4

ፍቅር እስከ መቃብር። ካርድ ለመጻፍ ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው። ምክንያቱም ሁሉም ሰው አንብቤዋለሁ ይላል። ብዙው ግን የሰማው በሬዲዮ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው መጽሐፉን ሲገልጥም የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። እኔም ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ የሰማሁት በእሱ ጉሮሮ ነበር።

ሐዲስ አለማየሁ ያሳተሙት በ1958 ነው። ከ500 ገጽ በላይ ነው። ሰው የሚተወው የት ላይ ነው? ጀማሪ አንባቢ "የፍቅር ታሪክ ነው" ተብሎ ይገባል። የሚያገኘው ግን የበዛብህን ወላጆች ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ እንዴት እንደተገናኙ፣ ልጁ እንዴት ለቤተ ክርስቲያን እንደተሳለ፣ የቆሎ ተማሪው ሕይወት፣ ዲማ። ሰብለ ወንጌል የት አለች? ገና ናት። አንባቢው ደክሞት የሚሄደው እዚህ ላይ ነው።

ካርዱ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦

"ለማን፦ ረጅም ወግ ለሚወድ፣ በተለይ አያቱ ጋር ላደገ። የት ያደክማል፦ ሰብለ እስክትመጣ። ታገሡ፤ ስለቱን ካልያዛችሁ በኋላ በዛብህን የሚያስጨንቀው አይገባችሁም። ከዚያስ፦ ጉዱ ካሣ ሲናገር አትዝለሉ። ፊታውራሪ ከገበሬዎቹ ጋር የሚገጥሙበት ቦታ ላይ ደግሞ መሳቅ ይፈቀዳል።"

ስለ መጨረሻው ነገር በእውነት የምለው አለኝ። ይህን መጽሐፍ እያለቀሱ የሚያስታውሱት ብዙ ናቸው፤ እየሳቁ የሚያስታውሱት ጥቂት። ሐዲስ ግን ቀልደኛ ጸሐፊ ናቸው። ፊታውራሪ ባላገሩን አስገብራለሁ ብለው ዘምተው በእነ አበጀ በለው እጅ ሲወድቁ፣ ጸሐፊው አንድም ጊዜ "ሳቁ" አይሉህም። ኮስተር ብለው ይተርካሉ። ሳቁም ከዚያ ነው የሚመጣው። ወዳጄ የአማርኛ መምህር ነው፤ "ጉዱ ካሣን እንደ ሰባኪ ነው የምታስተምሩት" ብዬው ተኳርፈናል። ጉዱ ካሣ ሕዝቡ እብድ ያለው ሰው ነው። እብድነቱን ካልሰማህለት ክርክሩ ጋዜጣ ይሆናል።

ነሐሴ 9

ዛሬ ጥገና። ኦሮማይ ቅጂዬ ከአስፋልት ዳር የተገዛ ነው፤ ገጾቹ እንደ ካርታ መጫወቻ ይበታተናሉ። ጀርባውን የያዘው ሙጫ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

አሮጌውን ሙጫ በቢላዋ ጀርባ ፍቄ አወረድኩት። ገጾቹን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጌ አስተካከልኩና በሁለት ሳንቃ መሃል አሰርኳቸው። ከዚያ ጀርባውን በመጋዝ ጥርስ ስስ ስስ አድርጌ አራት ቦታ ቀደድኩት። ክሩን ሻማ ላይ አሻሽቼ በቀዳዳዎቹ አስገባሁና አጠበቅሁት። ሰም የነካው ክር ወረቀቱን አይበላውም። ከላይ ኮላ፣ ኮላው ላይ የአቡጀዲ ቁራጭ፣ አቡጀዲው ላይ ደግሞ ኮላ። በጋ ቢሆን ከሰዓት ይደርቅ ነበር። በነሐሴ ደሴ ግን ያድራል። ድንጋይ ጭኜበት ሄድኩ።

በመሃል አንድ ደንበኛ ኮፒ ቤቱ ገብቶ ሙሉ ልቦለድ ኮፒ እንዳደርግለት ጠየቀኝ። "አላደርግም" አልኩት። ደራሲው በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ እንጀራው ነው። "እንግዲያው አውሰኝ" አለኝ። እሱማ ይቻላል፣ ጳጉሜን ላይ ና አልኩት።

ነሐሴ 10

ኮላው ደርቋል። መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ጠፍ ብሎ ይከፈታል። ተመስገን።

አሁን ካርዱ። በዓሉ ግርማ ኦሮማይን ያወጣው በ1975 ነው። ታሪኩ የሚያርፈው ኤርትራ ውስጥ በተካሄደው የ1974ቱ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ ነው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተነሣ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን ሁሉ ካርዱ ላይ ልጻፍ ወይስ ልተወው ብዬ ብዙ አመነታሁ። ተውኩት። ብዙ ሰው ኦሮማይን የሚያነበው የደራሲውን መጥፋት ሊፈልግበት ነው፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንደ ፖሊስ ማስረጃ ያገላብጣል። ልቦለዱ ራሱ ሳይነበብ ያልቃል።

ልቦለዱ ግን ልቦለድ ነው። ጸጋዬ ኃይለማርያም የሚባል ጋዜጠኛ፣ እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ አስመራ ይወርዳል። ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው። ንግግሩ ፈጣን ነው። በዓሉ ጋዜጠኛ መሆኑ ያስታውቃል፤ ክፍል ውስጥ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ምን እንደሚያጨስ ሳይነግርህ አያልፍም። ድግሱና ጭፈራው ናቅፋ ላይ ካለው እሳት ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። እኛ በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ ያየን ሰዎች ይህን ስናነብ የምንቆምባቸው ገጾች ከሌላው ይለያሉ። እኔ የቆምኩት ውጊያው ላይ አይደለም። በመግለጫውና በግንባሩ መሃል ያለው ርቀት ላይ ነው።

"ለማን፦ ልቦለድ ጀምሮ መጨረስ ላቃተው። የት ያደክማል፦ መጀመሪያ ላይ የሚግተለተሉት የባለሥልጣንና የኮሚቴ ስሞች። አትያዟቸው፤ የሚያስፈልጉት ራሳቸው ተመልሰው ይመጣሉ። ከዚያስ፦ ማታ አትጀምሩት፣ ሥራ ትቀራላችሁ።"

ነሐሴ 15

አደፍርስ። ዳኛቸው ወርቁ፣ 1962። እውነቱን ልናገር፦ ከባድ ነው። ተፈጥሮን የሚስሉ ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች አሉት። የሸዋ ባላገር ቃል አለ፣ ግዕዝ አለ፣ በአንድ ገጽ ብዙ ሰው ይናገራል። ተማሪው አደፍርስ ባላገር ወርዶ ከሁሉም ጋር ይከራከራል፤ ከወይዘሮ አሰጋሽ ጋር፣ ከቄሱ ጋር። ጸሐፊው ለማንኛቸውም አያሸንፍላቸውም። እኔ የወደድኩት ይህንን ነው። አደፍርስ ትክክል ሲናገርም ያናድዳል። አሰጋሽ ሲሳሳቱም ግርማቸው አይነካም።

ቡና ቤቷ ውስጥ ስለ እሱ ሳወራ አንድ የአዲስ አበባ መስመር ሾፌር ጆሮውን ጣል አደረገ።

"የት ነው አልክ ታሪኩ?"

"አርማንያ።"

"ሸዋ ሮቢትን አልፈህ፣ ደብረ ሲና ሳትደርስ ያለችው? ወላሂ በየሳምንቱ ነው የማልፋት! ልቦለድ ተጽፎባታል እንዴ?"

ተጽፎባታል። ከዚህ የሚነሣ አውቶቡስ ሁሉ በኮምቦልቻና በከሚሴ አድርጎ በዚያ ያልፋል። እኔም ስንት ጊዜ በመስኮት አይቻት አልፌያለሁ። ሾፌሩ የመጀመሪያዎቹን ገጾች እዚያው ቆሞ አነበበ። "ይሄ ጣርማ በር ነው፤ በአንደኛ ማርሽ ነው የሚወጣው" ብሎ መለሰልኝ። ካርዱ ላይ እሱን ጻፍኩ፤ የእኔ መስመር ተሰረዘ።

ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታ። ሥራ የለም።

ነሐሴ 20

ጦቢያ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሮም ላይ በ1900 ያሳተሙት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለው። ትንሽ ነው፤ በአንድ ዝናብ ያልቃል። ሰው ግን "የመጀመሪያው" ሲባል ፈተና የሚወጣበት ነገር ይመስለዋል። ጭራሽ አይደለም። መንታ ወንድምና እኅት አሉ፤ አባታቸው በጦርነት ይማረካል፤ ልጅቱ ጦቢያ እንደ ወንድ ለብሳ መንገድ ትገባለች። ቱርክ ድራማ የሚከታተል ሰው በዚህ ይሰላቻል ብትለኝ አላምንህም።

አፈወርቅ ቋንቋውን ያንቆረቁሩታል። አንዳንዴም ያበዙታል። ቁንጅና መግለጽ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። መጽሐፉ የሚያደክመው እዚያ ላይ ነው፤ ካርዱም ይህንኑ ይላል።

ታሪኩን ለባለ ቡናዋ ነገርኳቸው። ንጉሡና ጦቢያ ሃይማኖታቸው ይለያያል፤ የሚጋቡት ንጉሡ ወደ እሷ ሃይማኖት ሲገባ ነው አልኳቸው። ከሰል እያራገቡ አዳመጡኝና፣ "ታዲያ ሳይቀይርስ ቢያገባት ምን ይሆን ነበር? እኛ ቤት አክስቴ ለገናም ለዒድም ነው የምታርደው" አሉ። በወሎ ወግ ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። መጽሐፉን ስንት ጊዜ አንብቤ ጥያቄው አልመጣልኝም ነበር። አሁን ከካርዱ ሥር በቀይ እስክሪብቶ አለ።

ነሐሴ 24

ዛሬ ጸሐይ ወጣ፣ ሁሉንም መጽሐፍ በረንዳ ላይ አሰጣሁ። ክረምት ላይ መጽሐፍ ይሻግታል። የሻገተውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው እንጂ ውሃ ማስነካት የለም።

የዘንድሮው የእንግሊዝኛ ምርጫዬ የመዓዛ መንግሥቴ "ዘ ሻዶው ኪንግ" ነው። በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወጥቶ በዓመቱ ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ሆኖ ነበር። የጣልያን ወረራ ነው፤ ግን ከሴቶቹ በኩል። ሂሩት የምትባል ሠራተኛ፣ እመቤቷ አስቴር፣ የአስቴር ባል ኪዳኔ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ መልኩ የሚመስላቸው ሚኒም የሚባል ባላገር የንጉሥ ልብስ ይለብሳል። ሂሩት ጠባቂው ትሆናለች።

ለደሴ ሰው ይህ መጽሐፍ ሩቅ አይደለም። ኃይለ ሥላሴ በ1928 ጦሩን የሚመሩት ከዚህ ከተማ ሆነው ነበር፤ በኅዳርም የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ደብድበዋል። አያቶቻችን የሚያወሩት ስለ ጃንሆይና ስለ መትረየሱ ነው። መዓዛ የምትጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ ስንቁን ማን ተሸከመው? ቁስለኛውን ማን አነሣው? የሚያደክመው አተራረኩ ነው፤ ፎቶ ይገለጻል፣ ዝማሬ ይገባል፣ የንግግር ምልክት የለም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆች "እንግሊዝኛችን እንዲሻሻል" ብለው ይጠይቁኛል። ለእንግሊዝኛ ብለህ ከያዝከው አትጨርሰውም። ለሂሩት ብለህ ያዘው።

ከትርጉም አንድ ብቻ አስገባሁ፦ ነገም ሌላ ቀን ነው። የማርጋሬት ሚቸልን የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ልቦለድ ነቢይ መኰንን በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ ነው የተረጎመው። አማርኛው ትርጉም ትርጉም አይልም። ዋናዋ ባለታሪክ ስካርሌት በአማርኛ አፏን የፈታች ነው የምትመስለው። ስለ ባሪያዎቹ የምታስበውን ግን ዓይንን ከፍቶ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ካርዱ ላይም ብያለሁ።

ጳጉሜን 2

የመጨረሻው ክርክር በአዳም ረታ ላይ ነው። እኔ ግራጫ ቃጭሎች ይግባ እላለሁ። መምህሩ ወዳጄ (ታርቀናል) "ቡና ቤት ለሚያነብ ሰው አዳምን መስጠት ግፍ ነው" ይላል። ነገሩ እውነት አለው። ጊዜው ወዲያ ወዲህ ይላል። መዝገቡን በልጅነቱ ይዘኸው ሳለ ሌላ ቦታ ታገኘዋለህ። አዳም ይህን አጻጻፉን ሕጽናዊነት ይለዋል፤ ስሙም አያጽናናም።

ግን አዳምን ያላነበበ ሰው አማርኛ ዕቃን እንዴት ማየት እንደሚችል አላየም። ሌላው ጸሐፊ "ቤቱ ድሃ ነበር" ብሎ ያልፋል። አዳም ጀበናው የት ላይ እንደተሸረፈ፣ ማን እንደሸረፈው፣ ያ ሰው አሁን ከማን ጋር እንደማይነጋገር ይነግርሃል። ሴራ ፍለጋ የሚሮጥ አንባቢ በዚህ ይናደዳል። ቁጭ ብሎ ሰው ማየት የሚወድ ግን ሱስ ይሆንበታል።

አስገባሁት። "ለማን፦ ለማይቸኩል። የት ያደክማል፦ በየቦታው። ከዚያስ፦ ታሪኩ የት ደረሰ አትበሉ፣ ያላችሁበትን ገጽ እዩ።" ወዳጄ አንብቦት ራሱን ነቀነቀ። ግዙፉ የስንብት ቀለማት ግን ቀረ፤ እሱን መደርደሪያዬም አይችለው።

ለጀማሪ የበዓሉ ግርማን "ከአድማስ ባሻገር" ጨመርኩ። አጭር ነው፤ የቢሮ ሥራው አንገሽግሾት ጥበብን የሚመኝ ሰው ታሪክ ነው። ቢሮ የሚውል ሁሉ አበራ ወርቁን ያውቀዋል።

ጳጉሜን 4

መደርደሪያው ተሰቀለ። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሚስማር ብቻውን አይዘውም። ውስጥ ያለውን እንጨት በጣቴ እያንኳኳሁ ፈልጌ እሱ ላይ መታሁ። ሳንቃውን ከግድግዳው ሁለት ጣት ያህል አራቅሁት፤ እርጥበት መጽሐፍ ጀርባ ላይ እንዳይወጣ። ከጀበናው ምድጃም ራቅ ብሏል፣ ጭስ አለ።

ካርዶቹን ላሚኔት አድርጌ በየመጽሐፉ መሃል አስገባሁ። ጫፋቸው ወጣ ብሎ ይታያል። የውሰት ደብተሩ በክር ታስሯል፤ ስም፣ ቀን፣ ፊርማ። ባለ ቡናዋ ከላይ ሆነው አዩት። "አብሽር፣ አምሯል" አሉ። የመጀመሪያው ተዋሽ ያ ኮፒ የጠየቀኝ ልጅ ነው። ከአድማስ ባሻገርን ወሰደ።

መስከረም 21

ሦስት ሳምንት አለፈው። እስካሁን የጠፋ የለም። ቡና የፈሰሰበት አንድ ነው፤ ጦቢያ፣ ሽፋኑ ላይ።

ኦሮማይ መደርደሪያው ላይ አድሮ አያውቅም። ፍቅር እስከ መቃብርን አንዲት የወይዘሮ ስኂን ተማሪ ወስዳ መለሰችው። ካርዱን ገልብጣ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ጽፋበታለች፦ "እኔን ያደከመኝ ሰብለ እስክትመጣ ሳይሆን ከመጣች በኋላ ነው። ለምን ቶሎ አይነጋገሩም?" ይህን ጉዳይ ሐዲስ አለማየሁም በገጽ ብዛት የተጨነቁበት ነው። አላጠፋሁትም። ከዚህ በኋላ የሁሉንም ካርድ ጀርባ ባዶ ትቼ፣ ላሚኔቱን አስቀርቼ፣ እስክሪብቶ አንጠለጥላለሁ።

አደፍርስን ሾፌሩ ወስዶታል። ሐሙስ ስልክ ደውሎ፣ "አርማንያ ላይ ቁርስ አቁሜ ገጽ 60 ደረስኩ፤ አሰጋሽ ልክ እናቴን ናቸው" አለኝ።

ለሚቀጥለው ዓመት የሐዲስን ሁለቱን፣ ወንጀለኛው ዳኛንና የልምዣትን አሰልፌያለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሁለተኛ ኦሮማይ ያስፈልጋል፤ ደብተሩ ላይ ተራ የያዘው ሰው በዝቷል። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጠው ልጅ ኮምቦልቻ አንድ አለ ብሎኛል፤ ጀርባው የተላቀቀ ነው አለ። ክርና አቡጀዲ አለኝ። ቅዳሜ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ አየዋለሁ።